የጋሽ ተሰማ ምት

ዋና አዘጋጃችን ሰው ሲቀጣ አይቆጣም፤ ዓምድ ይሰጣል። እኔም በአንድ የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ እንቅልፍ ጣለኝና በማግስቱ «ቃልና ትርጉሙ» የሚባል ዓምድ ተሰጠኝ። ለነገሩ የተኛሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም። ያንኮራፋሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ፤ የተረጋገጠ መረጃ ስለሆነ አልክድም።

ሥራው አንድ ቃል መርጦ በየሙያው ምን ማለት እንደሆነ ባለሙያ ጠይቆ መጻፍ ነው። ጎርፍና የእህል ዋጋ፣ የድልድይ ምረቃና የእሳት አደጋ ሲዘግብ ለኖረ ሰው ቃል አሳድድ ማለት፣ በሬን ከቀንበር ፈትቶ ቢራቢሮ አባር እንደማለት ነው። ቢሆንም ሥራ ሥራ ነው። «ምት»ን መረጥኩ። የመረጥኩትም አጭር ስለሆነ ነው። ሁለት ፊደል ያለው ቃል ምን ጣጣ ሊያመጣ ይችላል አልኩ። ስለ ሙዚቃው ሙዚቀኛ፣ ስለ ልቡ ሐኪም፣ ስለ ንግግሩ ደግሞ ራዲዮ ላይ ዜና የሚያነብ ወዳጄን እጠይቃለሁ፤ ከምሳ በኋላ ተጽፎ ያልቃል።

ከሙዚቀኛው ጀመርኩ። አጥር ለአጥር ስለምንዋሰን የታክሲ ግፊያ የለበትም።

ያን ጊዜ፣ በአብዮቱ ዘመን፣ ገርጂ ግማሹ ቤት፣ ግማሹ የጤፍ ማሳ ነበር። ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀርባ ስለሆንን፣ አውሮፕላን ሲነሣ ቆርቆሯችን ላይ የሚራመድ ይመስላል። የሰፈሩ ሰው ከዚህ የተነሣ አንድ ልማድ አለው፤ በወሬ መሐል አውሮፕላን ከመጣ ቃሉን አፉ ውስጥ እንደያዘ ዝም ይላል፤ ድምፁ ሲያልፍ ካቆመበት ይቀጥላል። ሲጣላም እንዲሁ ነው። ባልና ሚስት እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ ወደ ሰማይ አንጋጠው ተራቸውን ሲጠብቁ ያየ እንግዳ ጸሎት ላይ ያሉ ይመስለዋል።

ጎረቤቴ ጋሽ ተሰማ በጦር ሠራዊት ሙዚቃ ውስጥ ትልቁን ከበሮ ሲመቱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንድ ጠዋት ፊታቸውን ሲታጠቡ ወደቁ። ሐኪም ቤት «የአንጎል ደም ሥር ነው» ተባለ። ከአልጋ ሲነሡ ቀኝ እጃቸው ዝሏል፤ ንግግራቸውም ሄዷል። ከዚያ ሁሉ አማርኛ የተረፈቻቸው አንዲት ቃል ናት፤ «አይሆንም»።

የለመዳቸው ሰው ግን አይቸገርም። ሻይ ይጠጣሉ ወይ ሲባሉ «አይሆንም» ይሉና እጃቸውን ለብርጭቆው ይዘረጋሉ። ቶሎ ካሉት እሺ ነው። ጎተት ካደረጉት ቆይ ነው። ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው ካሉት ጨው አነሰው ነው። ባለቤታቸው እትዬ የሺ ትርጉሙን ቃሉ ከአፋቸው ሳይወጣ ያውቁታል።

«ጋሽ ተሰማ፣ ለከበሮ መቺ ምት ምን ማለት ነው?» አልኳቸው።

ብዙ አሰቡ። ዓይናቸው በራ። ቢናገሩ እስከ ማታ እንደማያቆሙ ያስታውቅ ነበር።

«አይሆንም» አሉኝ።

ጻፍኩት። ዘጋቢ የተባለውን ይጽፋል።

እትዬ የሺ ክንዴን ይዘው ወደ ጓዳ ወሰዱኝ። «ምትህን ተወውና ስማኝ። ሰናይትን ሽማግሌ መጥቶባት ነበር።»

ሰናይት አንድ ልጃቸው ናት፤ አስተማሪ። የጠየቃት ታደሰ የሚባል የእርሻ ባለሙያ ነው፤ ኢሉባቦር ተመድቦ ክረምት ሳይገባ መሄድ አለበት። ተጋብተው ከሆነ እሷም አብራው ትዛወራለች። ካልሆነ እሱ ወደዚያ፣ እሷ እዚህ፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ተለያይቶ መልሶ የመገናኘትን ነገር ማንም ለማንም አያረጋግጥም ነበር።

«ታዲያ ጥሩ ዜና ነው» አልኩ።

«መጡ። ጠየቁ። አይሆንም አላቸው።»

«ውይ። ተቆጡ?»

«ምን ይቆጣሉ። ደስ ብሏቸው ነው የሄዱት።»

እውነታቸውን ነው። በእኛ ወግ የሴት ልጅ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። ገና ሳይጨርሱ «ውሰዷት» ያለ ቤት ልጅ የተረፈው ይመስላል። ስለዚህ ጋሽ ተሰማ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ አንዲት ቃል ብቻ ተናግረው ዝም ሲሉ ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያይተው «ጨዋ ቤት ነው፤ ቃል አያባክኑም» ተባብለው ወጡ።

«እሑድ ይመለሳሉ» አሉ እትዬ የሺ። «በቅርብ ዘመድ የለንም፤ አንተ ከእኛ ወገን ሆነህ ትቀመጣለህ።»

«እትዬ፣ ለምን እውነቱን አንነግራቸውም? ታመው ነው እንበል።»

«ሽማግሌ ዘር ነው የሚጠይቀው። የአባትየው አፍ ተያዘ ካልናቸው ነገሩ ወደ እርግማን፣ ወደ መንፈስ ይሄዳል። ነገ የልጅ ልጅ አፉን ሳይፈታ ቢዘገይ በእኛ ይመካኛል።»

«እንግዲያ እርስዎ ይመልሱላቸዋ።»

«አባት ተቀምጦ እኔ ልመልስ? ሳይሞት ልቅበረው እንዴ?»

እሑድ ደረሰ። ያን ጊዜ እሑድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ ነው፤ መፈክር ሲሰማ ግራ እጅን ጨብጦ ማንሣት፣ መሪው እስኪያወርድ አለማውረድ። ሽማግሌዎቹም ሦስቱም ከየስብሰባቸው ወጥተው፣ ጫማቸውን ጠርገው መጡ። የነገሩ አባት ባላምባራስ ይመር ይባላሉ፤ የታደሰ አጎት፣ የወሎ ሰው። ማዕረጉ ከቀረ ቆይቷል፤ ስማቸው ግን ያለ እሱ አይቆምም ነበር።

«ተቀመጡ» ተባሉ።

«ጉዳያችንን ሳንፈጽም አንቀመጥም» አሉ ባላምባራስ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ስለ ዝምድና፣ ስለ ጥሩ ዘርና ስለ ለም መሬት ብዙ ተናገሩ። መሐል ላይ አውሮፕላን መጣ። እኛ የለመድነው ዝም አልን፤ እሳቸው ግን የውጭ ሰፈር ሰው ስለሆኑ መናገራቸውን ቀጠሉ፤ ስለዚህ ከምሳሌዎቻቸው የተሻለው የትኛው እንደነበር አላውቅም። በመጨረሻ «ልጅዎን ለልጃችን» አሉ።

ጋሽ ተሰማ ወደፊት አዘነበሉ። ዓይናቸው እንባ ሞላው፤ ከንፈራቸው ሠራ፣ አንገታቸው ሠራ። እሺ ለማለት እንዲህ የለፋ ሰው አይቼ አላውቅም።

«አይሆንም» አሉ፤ ቶሎ ብለው።

እኔና እትዬ የሺ እሺ ማለታቸው እንደሆነ አውቀናል። ባላምባራስ ፈገግ አሉ፤ ፈገግታቸው ግን እንደ ባለፈው ወፍራም አልነበረም። ስሸኛቸው በሩ ላይ ቆም አሉና «ምን ጎደለን ብለው ነው?» አሉኝ።

«ምንም» አልኩ። እውነት ነው። ከእውነት ሁሉ የማይጠቅም እውነት ቢኖር እሱ ነበር።

«እንግዲህ አንድ እሑድ አለን። ሦስት ጊዜ ለምኖ ያጣ ሽማግሌ አራተኛ አይቆምም። ለእኛም ለእነሱም ነውር ነው።»

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። የሄድኩት ለዓምዱ ነው። ሐኪሙ ስለ ልብ ምት በደንብ አስረዳኝ፤ እጄን ይዞ ቆጠረና «አንተ ግን ዕረፍት ያስፈልግሃል» አለኝ። ከዚያ የጋሽ ተሰማን ነገር አነሣሁበት። እስክጨርስ አዳምጦ፣

«ይዘፍናሉ?» አለኝ።

«ከበሮ መቺ ነበሩ።»

«ይዘፍናሉ ወይ ነው ያልኩህ።»

አላውቅም አልኩ። «ንግግር በአብዛኛው በአንጎላችን በግራ በኩል ነው ያለው» አለ። «የእሳቸው የተጎዳው በዚያ በኩል ነው። ዜማ ግን በቀኙም በኩል ቦታ አለው። ሻይ ማለት ያቃተው ሰው ሻይ የሚል ዘፈን ሊዘፍን ይችላል። በደህናው እጃቸው ምት እየመቱ ሞክሩ። ሁሉም ላይ ይሠራል አልልህም።»

ለአንድ ቃል ትርጉም ሄጄ የመድኃኒት ማዘዣ የሚመስል ነገር ይዤ ተመለስኩ። ለጎረቤቶቼ ግን ወዲያው አልነገርኩም። የተረጋገጠ አይደለማ። ያልተረጋገጠ ዜና ይዞ ወደ ተጨነቀ ቤት መግባት በሥራዬ ካየሁት ክፉ ነገር አንዱ ነው።

ያረጋገጠልኝ ቀበሌው ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ተሰማ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ከማሳው ማዶ የቀበሌው ኪነት ቡድን ሰልፍ የሚያስረግጥ ዜማውን መለማመድ ጀመረ። የጋሽ ተሰማ ግራ እጅ ከጋቢው ውስጥ ወጣ። የወንበሩን ክንድ መታ። ደገመ። ከዚያ አፋቸውን ከፍተው፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ ከቡድኑ ጋር «ወደፊት፣ ወደፊት በአንድነት» ብለው ዘፈኑ።

እትዬ የሺ ከጓዳ ወጡ። እጃቸው ሊጥ ነው።

«ሰምተሃል?» አሉኝ።

«ሰምቻለሁ።»

ባላቸውን ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው። «አንተ ሰውዬ፣ ስንት ዓመት አብሬህ ኖሬ ለእኔ አይሆንም፤ ለቀበሌ ወደፊት?» አሉና ሊጥ በሊጥ በሆነ እጃቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። ጋሽ ተሰማም አብረው አለቀሱ፤ ምቱን ግን አላቋረጡም።

ያን ማታ ሐኪሙ ያለኝን ነገርኳቸው፤ ሥራውም ተከፋፈለ። ዜማው ተገኝቷል። ግጥሙ ለእኔ ተሰጠ፤ ጸሐፊ ስለሆንኩ። በማግስቱ ይዤ ቀረብኩና አነበብኩ፦ «እኔ አቶ ተሰማ፣ በዛሬው ዕለት በቀረበልኝ ጥያቄ መሠረት ልጄን ለመዳር ሙሉ ፈቃደኛ መሆኔን በደስታ እገልጻለሁ።»

ጋሽ ተሰማ «አይሆንም» አሉ። ይህኛው አስተርጓሚ አላስፈለገውም።

«ጋሼ» አለች ሰናይት፣ ሳቋን እየዋጠች፣ «አባዬ መግለጫ ነው እንዴ የሚሰጠው?»

ራዲዮ ወደሚሠራው ወዳጄ ሄድኩ። የንግግር ምት ምንድን ነው አልኩት። «የት እንደምትረግጥና የት እንደምትተነፍስ ነው» አለኝ። «ያንተ ዜና ቀርቦልኝ አንብቤ አውቃለሁ፤ ውሃ ውስጥ የገባሁ ነው የሚመስለኝ።» ይህን ለዓምዱ አልጻፍኩትም፤ ቤት ስደርስ ግን ግጥሙን በቢላዋ እንደ ሽንኩርት ከተፍኩት። የቀረው «ልጄን ሰጠሁ፣ በደስታ ሰጠሁ» ብቻ ነው። ጋሽ ተሰማ በከንፈራቸው ሞከሩት፤ ልክ ገባ።

ልምምዱ ግቢያቸው ውስጥ ሆነ። እኔ ሳፋ ገልብጬ እመታለሁ፤ ጋሽ ተሰማ በግራ እጃቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ይዘፍናሉ። መጀመሪያ «ልጄን» ብለው «ወደፊት» ውስጥ ይገባሉ፤ የለመደ እግር ነውና። እትዬ የሺ «ወዴት ነው ወደፊት፣ እዚሁ ቁም» እያሉ ይመልሷቸዋል። ሊሳካ ሲል በሩ ተንኳኳና የቀበሌው ጥበቃ ጠመንጃውን እንዳነገተ ገባ።

«ጓዶች፣ ይሄ ሙዚቃ በማን ፈቃድ ነው?»

«የእናንተው ዜማ ነው» አሉ እትዬ የሺ።

«ዜማው የእኛ ነው። ግጥሙ ተቀይሯል።»

የአብዮት ዜማን ግጥም መቀየር ምን ስም እንደሚሰጠው ሁላችንም እናውቃለን። በሥራዬ ብዙ አስጊ ቦታ ቆሜ አውቃለሁ፤ ሳፋ ታቅፌ ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ጋሽ ተሰማ ጥበቃውን በደግነት አዩና «አይሆንም» አሉት።

«ምኑ ነው የማይሆነው?»

«ሳትቀመጥ ሻይ ሳትጠጣ አይሆንም ማለቱ ነው» አሉ እትዬ የሺ፣ ትንፋሽ ሳይወስዱ።

ተቀመጠ። ሻይ ተሰጠው። ነገሩን ከመጀመሪያው ነገርነው። ብርጭቆውን በእጁ አዟዟረ፤ እሱም ሴት ልጅ ነበረችው። በኋላ ወደ እኔ ዞረና «ጓድ፣ አንተ ትቸኩላለህ» አለኝ። «ሳፋውን ወዲህ በል።» እስኪመሽ እሱ መታ።

ሦስተኛው እሑድ መጣ። ሽማግሌዎቹ በዚያ ቀን ስብሰባው ረዝሞባቸው ድምፃቸው ሻክሯል። ሰናይት ከመጋረጃው ኋላ እንዳለች ከእግሯ ጫፍ አውቄያለሁ። ባላምባራስ ምሳሌ አላበዙም።

«ደጋግመን መጥተናል። ልጃችን በዚህ ሳምንት ይሄዳል። ልጅዎን ለልጃችን፤ ቃልዎን ይዘን እንሄዳለን፣ እሺም ይሁን እምቢ።»

ዕቅዱ እኔ በእግሬ ወለሉን በቀስታ እንድመታ ነበር። ጋሽ ተሰማ ግን እኔን አልጠበቁም። በሠራዊቱ ሙዚቃ ሲጀመር ያደርጉ እንደነበረው እጃቸውን፣ አሁን ደህናውን ግራውን፣ ጨብጠው ወደ ላይ አነሡ፤ የሙዚቃ ጓዱ ሁሉ እንዲዘጋጅ።

ይህን ጊዜ የሦስቱም ሽማግሌዎች ግራ እጅ ተጨብጦ ተነሣ።

አስበውበት አልነበረም። ጠዋቱን ሙሉ፣ ዓመቱን ሙሉ፣ የተጨበጠ ግራ እጅ ሲነሣ ሲያነሡ የኖሩ ሰዎች ናቸው። አንደኛው ሽማግሌ እንዲያውም በሻከረ ድምፁ «ወደፊት» ብሎ ጀምሮ መሐል ላይ ዋጠው። እጃቸውን ደግሞ ማውረድ አልቻሉም፤ መሪው ገና አላወረደም። የእኔም ክንድ ተነሥቶ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው።

ጋሽ ተሰማ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሙዚቃ ጓዳቸው እንዲህ አንድ ላይ ተነሥቶላቸው አያውቅም መሰለኝ። ፊታቸው በራ። እጃቸውን አንዴ አወዛወዙና፣

«ልጄን» ብለው ዘፈኑ።

አውሮፕላኑ ያን ጊዜ ተነሣ።

ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፤ ብርጭቆ ተንኳኳ። እትዬ የሺ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ተቋረጠ፣ ጠፋበት፣ ሲመለስ ወይ ወደፊት ነው ወይ አይሆንም ነው ብለው። እኔም እንደዚያው አሰብኩ። ነገር ግን የጋሽ ተሰማን እጅ አየሁት። አየሩን ይመታል፤ ዝግ ብሎ፣ እኩል እኩል፣ ድምፅ የሌለው ከበሮ ላይ። የሙዚቃ ሰው ዝምታውንም ይቆጥራል። ባላምባራስ ይመር ያንን እጅ እያዩ፣ ሳያስቡት የራሳቸውን እጅ አብረው ማንቀሳቀስ ጀመሩ። አራት አዛውንት ግራ እጁን አንሥቶ፣ አንዲት ቃል እየጠበቀ፣ አንድ ላይ ዝምታ መታ።

አውሮፕላኑ አለፈ።

«ሰጠሁ፣ በደስታ ሰጠሁ» አሉ ጋሽ ተሰማ፤ ምቱን ሳይስቱ፤ እጃቸውንም አወረዱ። የሁላችንም ወረደ።

እትዬ የሺ ተነሡና ሁሉንም ነገር ተናገሩ፤ መውደቁን፣ እጁን፣ የቀረችውን አንዲት ቃል።

«የትኛዋ ቃል ናት የቀረችው?» አሉ ባላምባራስ።

«አይሆንም።»

«እንግዲያ ያኔ፣ በፊት ስንመጣ...»

«እሺ ሲላችሁ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

ባላምባራስ ጋሽ ተሰማን ብዙ አዩአቸው። «በሽታ በሁሉም ቤት አለ» አሉ። «ለልጁ ሲል ይህን ያህል የሚለፋ አባት ግን በሁሉም ቤት የለም። ልጃችን ጥሩ ቤት ገብቷል።» ከዚያ ሄደው ግራ እጃቸውን ሳሙላቸው። ሲቀመጡ የራሳቸውን እጅ አገላብጠው እያዩ «ይህች እጅም ዛሬ ሥራ አገኘች» አሉ። ይህን እኔ አልሰማሁም። ያን ጊዜ ብዙ ነገር የማንሰማበት ጊዜ ነበር።

ምግብ ቀረበ። ባላምባራስ ይጨመር ወይ ሲባሉ «አይሆንም» ብለው ሳህናቸውን ዘረጉ። ጋሽ ተሰማ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ አላየሁም።

ዓምዱን ጽፌ ለዋና አዘጋጁ ሰጠሁ። አነበበና «የትግሉ ምት የት አለ? በጠላት ላይ የሚያርፈው ወሳኝ ምት?» አለኝ። ጨመርኩለት። የጨመርኩት ከሁሉ በላይ ሆኖ፣ ደመቅ ባለ ፊደል ወጣ። ጋሽ ተሰማ በእጃቸው የሰጡኝ ትርጉም፣ ዝምታንም መቁጠር ምት መሆኑ፣ ግን ዘግይቶ ነው የገባኝ፤ ዓምዱ ሲወጣም አልተካተተም።

ሠርጉ በዚያው ሳምንት ሆነ፤ ትንሽና ጥድፊያ ያለበት። የተከራዩት መኪና በር ላይ ሲቆም ሰናይት የአባቷን ጉልበት ሳመች። ጋሽ ተሰማ አልዘፈኑም። ግራ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አድርገው በሁለት ጣታቸው በቀስታ መታ መታ አደረጉላት፤ ሕፃን እንደሚያስተኙ። እሷም ዓይኗን ጨፍና ያንን ስትሰማ ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ፣ በዚያው ምት እየረገጠች ወደ መኪናው ሄደች።

መኪናው ማሳውን ዞሮ ሲሰወር ጋሽ ተሰማ እጃቸው አየር ላይ እንደቀረ ነበር።

«አይሆንም» አሉ።

ቶሎ አላሉትም፤ ጎተትም አላደረጉት፤ ቅንድባቸውም አልተነሣም። ወደ እትዬ የሺ ዞርኩ፤ እንዲተረጉሙልን። እሳቸው ግን ምንም ሳይሉ ያችን የቀረች እጅ ያዟትና ይዘዋት ወደ ቤት ገቡ።